የጢያ ትክል ድንጋዮችና እኩዮቻችን

(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል እንድንናገር ዕድል በተሰጠን ጊዜ ስለ ምን እንናገር ብለን ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን ስለ ትምህርት ጥቅም እንናገር ያሉ ነበሩ፤ ዳሩ ግን ስለ ትምህርት ጥቅም በየዓመቱ ተነግሯል፤ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ገና ያልገባን ካለን እኛው ነን። ስለ ስፖርት ይሁን ያሉም ነበሩ፤ ነገር ግን ዘንድሮ በእግር ኳስ የደረሰብንን ሁላችሁም ስላያችሁ እርሱንም ተውነው። በመጨረሻ በኅዳር ወር ወደ ጢያ ሄደን ያየነውን፣ እውነቱን ለመናገርም እዚያ ያጠፋነውን፣ ልንነግራችሁ ተስማማን።

ጢያ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በቡታጅራ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሶዶ ጉራጌ አገር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም በአጠገቧ የቆሙት ትክል ድንጋዮች በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ዩኔስኮ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ አግብቷቸዋል። (በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኛ ይህን ያወቅነው ልንሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረን ነው። አክሱምንና ላሊበላን በመጽሐፍ እያነበብን አድገን፣ በግማሽ ቀን ተደርሶ የሚመለስበትን ቦታ ሳናውቅ 12ኛ ክፍል መድረሳችን ጥቂት አሳፍሮናል።

ከጧቱ በ12 ሰዓት በአውቶቡስ ተነሣን። እስከ ዓለም ገና ዘፈን ነበር፤ ከዓለም ገና በኋላ እንቅልፍ ሆነ። አዋሽን ስንሻገር የታሪክ አስተማሪያችን ቀሰቀሱንና መልካ ቁንጡሬን አሳዩን። በዚያ ስፍራ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ በ2024 እርሱም ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ቦታ ብዙ ልንነግራችሁ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን 2 ሚሊዮን ዓመት ሲባል እኛ እንሰማዋለን እንጂ አይሰማንም። ድንጋዩን አየን፤ አስተማሪያችንን አመሰገንን፤ መንገዳችንን ቀጠልን።

ጢያ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ሞቅ ብሏል። በግራም በቀኝም ጤፉ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል፤ በየቤቱ ጓሮ እንሰት ቆሟል። ከመንገዱ ጥቂት እንደ ተራመድን አጥር ካለው ሜዳ ላይ ድንጋዮቹን አየናቸው። በመጀመሪያ የተሰማን ነገር ምን እንደ ሆነ ሳንደብቅ እንናገር፤ ከመካከላችን አንዱ «ይኸው ነው እንዴ?» አለ፤ ሌሎቻችንም በልባችን እንደዚያው ብለናል። እኛ በዓይነ ኅሊናችን ይዘን የሄድነው በ2005 ከሮማ የተመለሰውን 24 ሜትር ርዝመት ያለውን የአክሱም ሐውልት ነበርና። የጢያዎቹ ግን አብዛኞቹ ከሰው ቁመት እምብዛም አይበልጡም፤ ከሰው የሚያንሱም አሉ፤ አንዳንዶቹ ዘመዋል፤ የአንዳንዶቹም ጫፍ ተሰብሯል። ከሩቅ ሲያዩአቸው ገበያ ውለው ሲመለሱ ጥቂት ለማረፍ የቆሙ ሰዎችን ይመስላሉ።

ቀርበን ስናይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በቦታው 36 ድንጋዮች ሲኖሩ 32ቱ ቅርጽ አለባቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው የሰይፍ ቅርጽ ነው፤ በአንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ በሌላው ላይ ብዙ ሰይፍ ተደርድሯል። እንደ ጋሻ ወይም እንደ ጨረቃ ክብ የሆነ ምልክት አለ፤ መስቀለኛ የተጠላለፈ ምልክትም አለ፤ ደግሞ ቅርንጫፍ ያለው ተክል የሚመስል አንድ ምልክት አለ፤ እርሱን እንሰት ነው የሚሉ አሉ፤ የእንጨት ትራስ ነው የሚሉም አሉ። የሴት ጡት የሚመስል ቅርጽ የተሠራበት ድንጋይም አይተናል። ጽሕፈት ግን የለም። አንድም ፊደል፣ አንድም ስም የለም። በዚያ ሜዳ ዙሪያ እየተዘዋወርን ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ስንሄድ አንዳንዶቻችን የሰይፉን ብዛት በደብተር ጻፍን፤ አንዳንዶቻችን በስልካችን ፎቶግራፍ አነሣን፤ አንዳንዶቻችንም ፀሐዩን ሸሽተን የድንጋዩን ጥላ ፈለግን።

ያጠፋነውም በዚህ ጊዜ ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ ሸንኮራ ሊልጥበት ያመጣውን ሰንጢ አውጥቶ በአንድ ዘመም ባለ ድንጋይ ጎን ላይ የስሙን መጀመሪያ ፊደል መቅረጽ ጀመረ። ክፋት አልነበረውም፤ በትምህርት ቤታችን ዴስኮች ላይ የተቀረጸውን ስም ብትቆጥሩ ይህ ልማድ የአንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። እኛም አጠገቡ ቆመን አየነው። ሁለት ሦስታችን ሳቅን፤ አንዱማ «በደንብ አጥልቀው» አለው። የከለከለው አልነበረም። ስለዚህ «እርሱ አጠፋ» አንልም፤ «አጠፋን» እንላለን። እርሱ ዛሬ በዚህ አዳራሽ በመካከላችን ተቀምጧል፤ ይህን እንድንናገርም ራሱ ፈቅዶልናል።

ቦታውን ያስጎበኙን የአገሩ ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ ናቸው። አይተውን ወደኛ መጡ። ይጮኹብናል፣ ይሰድቡናል፣ ለአስተማሪያችን ይነግሩብናል ብለን ፈራን። እርሳቸው ግን ሰንጢውን ከእጁ ተቀበሉት፤ አጠፉት፤ መልሰው በራሱ ኮት ኪስ ውስጥ ከተቱለት።

«ስንት ዓመትህ ነው፣ ልጄ?» አሉት።

«18 ዓመቴ ነው፣ አባባ» አለ።

«ይኸኛውም እንዳንተው ነው» አሉና ዘንጋቸውን ወደ መሬት ቀሰሩ።

እኛ አልገባንም። ጓደኛችንም «የትኛው፣ አባባ?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ሁላችንንም ሰብስበው በሣሩ ላይ አስቀመጡንና ከድንጋዮቹ ሥር ያለውን ነገሩን። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የቆምነው ሐውልት ባለበት ሜዳ ላይ መስሎን ነበር፤ መካነ መቃብር እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ያነበብን እንኳ ረስተነው ነበር።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው የፈረንሳይ ሊቃውንት ቦታውን ሲቆፍሩ አፈር ከሚሸከሙት ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። የሟቾቹ አጥንት ሲገኝ በዓይናቸው አይተዋል። እንደኛ አገር የዛሬ አቀባበር ተዘርግተው አልተኙም፤ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ታጥፎ፣ ሕፃን በእናቱ ማኅፀን እንደሚሆነው ሆነው ነው የተቀበሩት። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩን እጃቸውን አጥፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው አሳዩን። አጥንትና ጥርስ የሚመረምሩ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሲገምቱ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ሆነው ተገኙ። በሽበት የሞተ ሰው መቃብር አይደለም ማለት ነው።

ይህን ከሰማን በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም። ከክፍላችን ትንሹ 17፣ ትልቁ 20 ዓመቱ ነው። በሰኔ ፈተናችንን ጨርሰን፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ሥራ፣ አንዱ ወደ አገሩ እያልን የምናስበው ሐሳብ ሁሉ በዚያ ሣር ላይ ተቀምጠን ሳለ ትዝ አለን። ከሥራችን የተኙትም የሚያስቡት ነበራቸው ይሆናል።

አሁን ደግሞ ስለ ዘመናቸው ጥቂት እንናገር፤ እዚህ ላይ እኛም ስሕተት ነበረብንና። የአካባቢው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ እነዚህን ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ሲላቸው ኖሯል። በሰሜንም በደቡብም በኛ አገር ልማድ ትልቅ ድንጋይ፣ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሠሪው የማይታወቅ ነገር ሲገኝ የግራኝ ነው ይባላል። ከኛም ብዙዎቹ ይህንኑ ይዘን ነበር የሄድነው። ነገር ግን ሕዝቡ ግራኝ የሚላቸው ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በሽምብራ ቁሬ የተዋጉት በ1529፣ የሞቱትም በ1543 ነው። የጢያ መቃብሮች ግን ሲመረመሩ ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ያሉ ሆነው ተገኝተዋል። ኢማሙ ከመወለዳቸው በፊት ድንጋዮቹ ቆመው፣ ዝናብም መትቷቸው፣ ምናልባትም ጥቂቶቹ ዘመው ነበር ማለት ነው። በላስታ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በታነጹበትና በ1270 ይኩኖ አምላክ በነገሡበት በዚያ ዘመን አካባቢ እዚህ በሶዶ ወጣቶች ይቀበሩ፣ ድንጋይም ይተከልላቸው ነበር።

«ይህ እንዴት ይታወቃል?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን ነበርና የፊዚክስ አስተማሪያችን መለሱለት። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ ሰውም፣ እንስሳም፣ ተክልም፣ በሕይወት እስካለ ድረስ ካርቦን 14 የሚባለውን ነገር ከአየርና ከምግብ ይወስዳል። ሲሞት መውሰዱ ይቆማል፤ በውስጡ ያለውም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በ5,730 ዓመት ገደማ ግማሹ ያልቃል። እንግዲህ የቀረውን መጠን ለክቶ ከሞተ ስንት ዓመት እንደ ሆነው ማስላት ይቻላል። ድንጋይ አይሞትምና ድንጋዩን ራሱን በዚህ መንገድ መመርመር አይቻልም፤ የሚመረመረው አጥንቱና ከመቃብሩ የሚገኘው ከሰል ነው። ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ ተምረነው ነበር፤ ብዙዎቻችንም በፈተና ስተነዋል። በጢያ ሜዳ ላይ ግን ከገባን አይረሳንም።

ድንጋዮቹን ለዓለም ያስታወቁት ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አባ አዛይስ የተባሉ የፈረንሳይ ካቶሊክ ቄስ ሲሆኑ ከሮዤ ሻምባር ጋር ሆነው በኢትዮጵያ ያደረጉትን የአምስት ዓመት ምርመራ በ1931 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለምንማር ለኛ አንድ ቄስ በበቅሎ እየዞረ የመቃብር ድንጋይ ሲቆጥርና ሲስል ማሰብ ደስ የሚል ነገር ነው። ከእርሳቸው በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬ የሶዶን አገር ዞረው መረመሩ፤ ስለ ጢያ ቁፋሮ የተጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ደግሞ ሮዤ ዡሶም በ1995 አሳተሙ። በሶዶ ብቻ ወደ 160 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ተገኝተዋል። በጌዴኦ አገር ቱቱ ፈላ በተባለው ቦታ ትክል ድንጋዮቹ በመቃብር ጉብታ ላይ ተተክለው ይገኛሉ፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በመንዝና በወሎ ደጋ ድንጋይ የተከመረባቸው የመቃብር ጉብታዎች አሉ፤ በሐረርጌም በጨርጨር ተራራዎች ላይ በጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ሣጥን የተሠሩ መቃብሮች ይገኛሉ። ከኛ ክፍል የመንዝ ልጅ የሆነ አንድ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «እኛ ከብት ስንጠብቅ በላዩ የምንቀመጥበት ጉብታ እንደዚያ ይሆን እንዴ?» ብሎ ተጨነቀ። በክረምቱ ዕረፍት ሄዶ አያቱን እንደሚጠይቅ ነግሮናል።

ምሳችንን በቡኢ በላን። ቆጮ በአይብና በጎመን ነበር፤ ክትፎ ያማረን ብንኖርም ኪሳችን አልፈቀደልንም። ከምሳ በኋላ በአውቶቡሱ ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነሣ፤ እርሱንም ባጭሩ እንነግራችኋለን።

ከመካከላችን አንዷ እንዲህ አለች፦ «እኛ በሰንጢ አንድ ፊደል ጫርን ተብለን አፈርን። ሊቃውንቱ ግን መቃብሩን ከፍተው አጥንቱን አውጥተዋል። የትኛው ይብሳል? የአያቴን መቃብር አንድ ሰው መጥቶ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ ልወቅ ብሎ ቢከፍተው ቤተሰባችን ዝም ይላል?» ይህ ቃል ብዙዎቻችንን ጸጥ አሰኘን። አንዳንዶች ደገፏት፤ የሞተ ሰው ማረፍ አለበት፣ እስከ ትንሣኤ ድረስም ሊነካ አይገባውም አሉ። ሌሎች ደግሞ እነዚህ ሰዎች ዘመድ የላቸውም፣ የሚቆጣላቸውም የለም አሉ፤ ለዚህኛው ግን ወዲያው መልስ ተሰጠው፤ የሚቆጣለት ስለሌለ የሰው መቃብር ይከፈታል ከተባለ ድሀ ሲሞት ምን ይሆናል ተባለ። እኛም ይህ መልስ ትክክል ነው እንላለን።

ሆኖም ክርክሩ በዚያ አላለቀም። መቃብሩ ባይከፈት ኖሮ ከድንጋዩ ሥር ያሉት ወጣቶች መሆናቸውን ማን ያውቅ ነበር? ዛሬም ድንጋዮቹን የግራኝ እንላቸው ነበር፤ እነርሱም በማያውቁት በሌላ ሰው ስም ተጠርተው ይኖሩ ነበር። በሰይፉ ብዛት የገደሉት ጠላት ይቆጠራል የሚሉ አሉ፤ ይህ እውነት ይሁን ወይም አይሁን ድንጋዩ ራሱ አይናገርም። የሞቱት በጦርነት ነው ብለን ልንምል አንችልም። ወጣት መሆናቸውን ግን አጥንታቸው ተናግሯል፤ ስለ እነርሱ ዛሬ የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነገር የተገኘው በትዕግሥት በተቆፈረ፣ እያንዳንዱ ነገር በተለካና በተጻፈ መቃብር ነው። እኛ ብዙዎቻችን በመጨረሻ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፦ ስለ ሟቹ ለማወቅ ብሎ በጥንቃቄ የሚከፍት ሰውና ስለ ራሱ ብቻ አስቦ በሟቹ ድንጋይ ላይ ስሙን የሚጽፍ ሰው አንድ አይደሉም። ያቺ ጓደኛችን ግን አልተስማማችም፤ እስከ ዛሬም አልተስማማችም። ሐሳቧን ሳንጠቅስ ብናልፍ በደል ስለሚሆን ነግረናችኋል።

አንድ ነገር ይቀረናል። ክርክሩ ሳይጀመር፣ ገና በጢያ ሳለንና ለመሄድ ስንሰናዳ፣ ፊደሉን የጀመረው ጓደኛችን ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ። ጭረቱን በሌላ ድንጋይ ፍቆ ለማጥፋት ፈቃድ ጠየቃቸው። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ጭረቱን አሹት፤ አልጠፋም። «ብትፍቀው ሌላ ጭረት ትጨምርበታለህ፤ ተወው ልጄ፤ ብቻ ሌላ ሰው ሲመጣ እንዳይጽፍ አንተ ንገርልኝ» አሉት። ይህን ንግግር እንድናደርግ ከሁሉ በፊት ያሳሰበንም እርሱ ነው።

በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ የምታዩት የክፍላችን ፎቶግራፍ በዚያ ቀን የተነሣ ነው። ከሥሩ የሁላችንም ስም ከነአባታችን በተራ ተጽፏል። ከኋላችን ድንጋዮቹ ይታያሉ፤ በስተግራ ያለውን ዘመም ያለውን ድንጋይ ግን በደንብ አታዩትም፤ ጓደኛችን ከፊቱ ቆሟል።